የወይዘሪት መርዶ

ግሩም ባሌ ነው፣ ጥሩ ሰውም ነው፤ የዚያን ቀን ጠዋት ግን አንቄ ብገድለው ዳኛው ራሱ ይፈርድልኝ ነበር።

ጋራዥ ያለውን አሮጌ ፍሪጅ ስከፍተው ቅዝቃዜው ፊቴን ገረፈኝ። ቴርሞሜትሩ በፋራናይት አርባ ማለት ሲገባው ሃያ አምስት ይላል። ላይኛው መደርደሪያ ላይ ከቅበላ የተረፈ የበግ ሥጋ በፌስታል ተጠቅልሎ ድንጋይ ሆኗል። ታችኛው ላይ የወይዘሪት ሳጥን አለ።

"ግሩም!" ብዬ ስጮህ ሳን ሆዜ በሙሉ ሳይሰማኝ አልቀረም። "ማነው ይሄን ፍሪጅ የነካው?"

"እኔ ነኝ፣ ምነው?" አለ የጥርስ ብሩሹን እንደጎረሰ ብቅ ብሎ። "ፍሪዘሩ ሞልቶ ነበር። ሥጋው እስከ ፋሲካ እንዲቆይ ብዬ ይሄኛውን ወደ መጨረሻው አዞርኩት።"

"ወይዘሪትስ?"

ብሩሹን ከአፉ አወጣ። "ውይ" አለ። በቃ፣ "ውይ" ብቻ።

ወይዘሪት ኤሊ ናት። የኛ ብትሆን ኖሮ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር፤ ግን የጋሼ ወልደገርጊስ ናት። ጋሼና ባለቤታቸው እትዬ ጸሓይ ኤርትራውያን ናቸው፣ አዲስ አበባ ብዙ ኖረው የመጡ። ኦክላንድ ስገባ፣ ሰው ባልነበረኝ ጊዜ፣ "እስክትቋቋሚ" ብለው አንድ ክፍል ለቀው ያኖሩኝ እነሱ ናቸው። ኤሊዋን የገዟት ልጃቸው ቢሌን ትንሽ ሆና "ውሻ ካልገዛችሁልኝ" ብላ ስታስቸግራቸው ነው። ውሻ ቤቴ አይገባም ብለው በኤሊ ሸነገሏት። ቢሌን አድጋ የአውሮፕላን ሆስተስ ሆነችና ዳላስ ገባች፤ ኤሊዋ ለእትዬ ጸሓይ ቀረች። "ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ ቤቷን ተሸክማ ትዞራለች" እያሉ ወይዘሪት ያሏት እሳቸው ናቸው።

እንዲህ ዓይነቷ ኤሊ ዊንተር ሲመጣ መብላት ታቆምና ትተኛለች። ቤይ ኤሪያ፣ እኛ ያለንበት አካባቢ፣ ደግሞ አንዴ ይበርዳል፣ አንዴ ይሞቃል፤ እንቅልፏ እንዳይረበሽ ፍሪጅ ውስጥ ያስተኟታል። መጀመሪያ ስሰማ "እትዬ ጸሓይ አማቸው እንዴ?" ብዬ ነበር። ግን እውነት ነው፣ የእንስሳት ሐኪሙም የሚለው ይህንኑ ነው። አርባ ዲግሪ አካባቢ መሆን አለበት። ከሞቃት ያለጊዜዋ ትነቃለች፤ ውኃ በረዶ የሚሆንበት ከደረሰ ደግሞ አለቀላት። ማርች ላይ አውጥተው ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ሲያስቀምጧት ቀስ ብላ አንገቷን ታወጣለች፣ እትዬ ጸሓይም እንደ ወለደች ሴት እልል ይሉላታል።

እትዬ ጸሓይ አምና አረፉ። ጋሼ ዳውንታውን ኦክላንድ የሽማግሌዎች አፓርትመንት ገቡ፤ ፍሪጃቸው የእንቁላል ካርቶን እንኳ በግድ ነው የሚይዘው። በገና ሰሞን ደግሞ የልብ ሰርጀሪ አደረጉ። ስለዚህ ወይዘሪትን እኔ ወሰድኳት። "የወርቅውሃ፣ አደራሽን" አሉኝ ከሆስፒታሉ አልጋ ላይ እጄን ይዘው። "እሷ ስትነቃ ጸሓይ ከገበያ የተመለሰች ይመስለኛል።" ዶክተሩ ደግሞ ኮሪደር ላይ ጠርቶኝ፣ ልባቸው ገና ደካማ ነው፣ ኃይለኛ ድንጋጤ ሊገድላቸው ይችላል አለኝ። እኔ ኬርጊቨር ነኝ፣ ሽማግሌ አስታማሚ፤ የሽማግሌ ልብ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ያንን ቃል ሰምቼ ነው ሄጄ ሳጥኑን ከቤታቸው ተሸክሜ የወጣሁት።

አሁን ሳጥኑን ወደ ኪችን አስገባሁና አፈሩን በጣቴ ጫርኩ። እግሯን ስነካው እንጨት ነው። ዓይኗ ወደ ውስጥ ገብቷል። "ነይ እንጂ ወይዘሪት፣ ነይ የኔ እመቤት" እያልኩ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አስቀመጥኳት፤ ውኃው ሞልቶ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ግሩም ከጎኔ ፎጣ ይዞ ቆሟል። አንዴ "ተንቀሳቀሰች!" ሲል ልቤ ዘለለ። ውኃው ነበር ያንቀሳቀሳት።

ሐኪሙ ጋ ይዣት በረርኩ። "እስክትሞቅ ድረስ መሞቷን በእርግጠኝነት መናገር አልችልም" አለኝ። እዚያው አሳደራት። ተስፋ የሚባለው ነገር እንዴት ክፉ እንደሆነ ያን ዕለት አየሁ፤ ሥራ ላይ የአንዲት አሜሪካዊት ባልቴት ፀጉር እያበጠርኩ በልቤ "እመብርሃን፣ አንዴ እግሯን ብቻ" እላለሁ። በማግስቱ ደወለ። "አም ሶሪ" ሲል የቀረውን አልሰማሁትም።

ስልኩን እንደዘጋሁ ሌላ ጥሪ ገባ። ጋሼ ናቸው።

"የወርቅውሃ፣ ነቃች?"

"ገና ነው ጋሼ። ትንሽ እንቅልፍ ይቀራታል።"

"አትቸኩዪ። ጸሓይም አታስቸኩላትም ነበር።" ሳቁ። ከሰርጀሪው ወዲህ ሲስቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማኋቸው።

በየቀኑ ይደውሉ ጀመር። ግሩም ጥፋቱን ያካክስ መስሎት፣ "አንድ ዓይነት ኤሊ ኢንተርኔት ላይ አይቻለሁ፣ እንግዛና እንስጣቸው" አለኝ። "እግዜር ይይልህ!" አልኩት። "አንተ ሚስትህን ብቀይርብህ አታውቅም? እንጃ፣ አንተስ ላታውቅ ትችላለህ።" "እሺ፣ ደውለሽ ንገሪያቸዋ" ሲል ደግሞ ባሰብኝ። ብቻቸውን ቤት ውስጥ ወድቀው፣ ስልኩ መሬት ላይ፣ የኔ ድምፅ "ሃሎ፣ ሃሎ" ሲል ታየኝ።

ለማኅበር ጓደኛዬ ለኢየሩስ ነገርኳት። ኢየሩስ ቤይ ኤሪያ ውስጥ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የምትጠራ ሴት ናት፤ መርዶ ማርዳት ታውቅበታለች። "በስልክ ብሎ ነገር የለም" አለችኝ። "ማልደን፣ ከቤት ሳይወጡ፣ የሚወዱት ሰው ባለበት። አስቀምጠን፣ ይዘናቸው፣ ቀስ ብለን። ብቻቸውን ሆነው ከሚሰሙት ይሻላል።" ትክክል ነው አልኩ። ማን ትክክል አይደለም ይላል? አባቴም ሲሞት ለኔ የተነገረኝ እንዲያ ነው።

የጋሼ የልብ ወዳጅ ጋሽ ኣቡበከር ናቸው፤ ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ እዚያው ኦክላንድ የሚኖሩ። ስደውልላቸው መጀመሪያ ሳቁ። "ለኤሊ መርዶ? ወላሂ እናንተ ሰዎች!" ከዚያ ሳቁ ቆመ። "በሱ ልብ ግን አይቀለድም። እመጣለሁ።"

ሐሙስ ጠዋት ከሕንፃው በር ላይ ተገናኘን። ኢየሩስ ከኪዳን ቀጥታ ስለመጣች ነጠላዋን እንደለበሰች ነው። እኔ ከዚያ ወደ ሥራ ስለምሄድ ዩኒፎርሜን፣ ጥቁሩን፣ ለብሻለሁ። ጋሽ ኣቡበከር ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። ከሐኪሙ የወሰድኳትን ወይዘሪትን ከነሳጥኗ መኪና ውስጥ ተውኳት፤ ከተቀመጡ በኋላ ነው የማመጣት። ሊፍቱ ውስጥ ስልኬ ላይ የአምቡላንሱን ቁጥር፣ ናይን ዋን ዋን፣ ጽፌ አውራ ጣቴን አጠገቡ አደረግሁ። "እንዳትንቀጠቀጪ" አለችኝ ኢየሩስ፣ የሷም ከንፈር እየተንቀጠቀጠ።

አንኳኳን። ጋሼ በፒጃማቸው፣ የሻይ ብርጭቆ እንደያዙ ከፈቱ። ፊታቸው ላይ ሳቅ ሊመጣ ነበር። ከዚያ የኢየሩስን ነጠላ አዩ። የኔን ጥቁር ልብስ አዩ። ዓይናቸው ጋሽ ኣቡበከር ላይ ቆመ። ጋሽ ኣቡበከር በዕድሜያቸው ማልደው የሰው በር አንኳኩተው አያውቁም።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አምላኬ፣ ምን ነክቶን ነው? ሦስት ሰው፣ በማለዳ፣ እንዲህ ሆኖ!

"ደህና አደሩ ጋሼ" አለች ኢየሩስ በዚያ በለመደችው ቀስ ባለ ድምፅ። "እስቲ ገባ ብለን፣ እርስዎም ይቀመጡ።"

ብርጭቆው ወደቀ። "ልጄ ናት" አሉ።

"አይደለም ጋሼ!"

"ቢሌን ናት። አውሮፕላኑ ነው?" ግድግዳውን ይዘው ተንሸራተቱና ሻዩ ላይ ተቀመጡ። "አውሮፕላኑ ነው ወይ?"

"ኤሊዋ ናት!" ብዬ ጮህኩ። "ወይዘሪት ናት ጋሼ፣ ወይዘሪት ናት የሞተችው! ቢሌን ደህና ናት!"

አላመኑኝም። ለምን ያምኑኛል? ማናችን ነን በመርዶ ቀን እውነቱን መጀመሪያ የምንናገር? መጀመሪያ "ትንሽ አሟቸው ነበር" ይባላል፣ ከዚያ "ሆስፒታል ገብተው ነበር" ይባላል። ጋሼ ኤሊዋን እንደዚያ ማለዘቢያ አድርገው ነው የሰሙኝ። "አትሸንግሉኝ" አሉ። "ሽማግሌ ነኝ፣ አትሸንግሉኝ። ንገሩኝ።" እጃቸው ደረታቸው ላይ ነው፤ ከንፈራቸው አመድ መስሏል።

"ወልደ፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ ልጅህ ደህና ናት" ይላሉ ጋሽ ኣቡበከር ከጎናቸው ተንበርክከው። ኢየሩስ ግራ ገብቷት ውኃ ፍለጋ ትሮጣለች። እኔ የምላስ ሥር ኪኒናቸውን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ በግድ አጎረስኳቸውና ቢሌን ጋ ደወልኩ።

አላነሳችም። ቮይስሜይል። እንደገና ደወልኩ። ቮይስሜይል። ጋሼ ስልኩን ያያሉ፣ እኔን ያያሉ። "አየሽ" አሉ በቀስታ። እግዚአብሔርን ምን በድለነው ነው የምትል ሐሳብ መጣችብኝ፤ ባታነሳ፣ እውነት አውሮፕላን ላይ ብትሆን፣ እኚህ ሰው እዚህ ወለል ላይ እጄ ውስጥ ሊሞቱ ነው። የምገድላቸው ደግሞ እኔ ነኝ፣ እንዳይደነግጡ ብዬ። እንደገና ደወልኩ።

"ሃሎ?" አለች ቢሌን፣ እንቅልፍ በተጫነው ድምፅ። "የወርቅውሃ? ኢዝ ኤቭሪቲንግ ኦኬ?"

ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ ጆሯቸው ሥር ያዝኩት። "ተናገሪ" አልኳት። "ለአባትሽ ተናገሪ።"

"አባ? አባ፣ ዋት ሃፕንድ?"

ጋሼ ግንባራቸውን ስልኩ ላይ አደረጉና አለቀሱ፤ እንደ ልጅ፣ ድምፃቸውን አውጥተው። ቢሌን በዚያ በኩል "አባ፣ ዩር ስኬሪንግ ሚ" ትላለች። ጋሽ ኣቡበከር ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። እኔ የእጃቸውን ደም ሥር ይዤ እቆጥራለሁ፤ ሲሮጥ ቆይቶ ቀስ እያለ መጣ።

"ደህና ነኝ ልጄ" አሉ በመጨረሻ። "መጥፎ ሕልም አይቼ ነው። ድምፅሽን ልሰማ ብዬ ነው።"

ያን ጊዜ በጆሯቸው፣ "ጋሼ፣ ጥፋቱ ከኛ ቤት ነው፤ ግሩም ፍሪጁን..." ስል እጃቸውን አወናጨፉብኝ። "ተዪው" አሉ። "ልጄ አለች።" እውነት ለመናገር ደስ ብሏቸው ነበር። ኤሊዋ መሞቷ ደስ ብሏቸው ነበር፣ ሌላ ሰው ስላልሆነ።

"አባ" አለች ቢሌን፣ አሁን ነቅታለች። "ማርች ነው እኮ! ወይዘሪት ነቃች? ኢዝ ሺ አፕ?"

ጋሼ ቀና ብለው አዩኝ። በጭንቅላቴ የለም አልኳቸው፤ እንባዬ ወረደ። ቢሌን "አባ?" አለች፤ "እማዬ ከሞተች ጀምሮ ወይዘሪትን ማየት ብቻ ነው የምፈልገው፤ አይ ሚስ ኸር ሶ ማች።"

"ነቅታለች" አሉ ጋሼ። "ሰላጣ እየበላች ነው።"

"ኦ ማይ ጋድ! ኦኬ፣ እሁድ ኦፍ ነኝ፣ እመጣለሁ!"

"ነይ ልጄ። ነይ።"

ስልኩ ተዘጋ። ጋሽ ኣቡበከርና እኔ ብብታቸውን ይዘን አንስተን ሶፋው ላይ አስቀመጥናቸው። ኢየሩስ ውኃውን አቀረበች፤ አልጠጡም።

"እሁድ ሦስታችሁም ኑልኝ" አሉን። "ብቻዬን ልነግራት እፈራለሁ።"