አሥራ አንድ ሰው ያደረበት ክፍል

የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ለፖሊስ የሰጠው ቃል እንዲህ ነበር፦ ልጁ ሰክሮ ከአንዱ በረንዳ ወደ ሌላው ሲዘል ወደቀ፤ በየዓመቱ መጋቢት ሲገባ አንድ ሁለቱ እንዲህ ይሆናሉ። የጓደኞቹ ቃል ሌላ ነበር፦ ኮልቢ ማለዳ ባሕሩን ሊያይ ወጥቶ የበረንዳውን አጥር ደገፍ ሲል፣ አጥሩ ተነቃንቆ ከአምስተኛ ፎቅ ጣለው።

ከጓደኞቹ አንዷ፣ ሃድሊ፣ ሁለቱም ውሸት እንደሆነ ታውቃለች።

ክፍሉ የተከራየው ለአራት ሰው ነው፤ ያደረበት ግን አሥራ አንድ። የኮሌጅ ተማሪ ሁሉ ለጭፈራ ወደ ባሕር በሚጎርፍበት በፀደይ ዕረፍት ሳምንት፣ በዚያ የፍሎሪዳ ዳርቻ ይህን የማያደርግ የለም። አሸዋው ላይ ፎጣ መዘርጊያ አይገኝም፣ ሊፍት ለመግባት ደጅ ድረስ ይሰለፋሉ፣ ክፍል ያጣ መኪናው ውስጥ ያድራል። እነሱም አልጋውን፣ ወለሉን፣ የመታጠቢያ ገንዳውን ሳይቀር ተኝተውበት ነበር። ኮልቢ መተኛ ቢያጣ ፎጣውን ይዞ በረንዳ ወጣ። ሃድሊ ይህን አላየችም። ፍራሿን ወደ በረንዳው ከሚያወጣው የመስታወት በር ሥር አንጥፋ፣ የውጪው ጭፈራ አላስተኛ ሲላት በሩን ገፍታ ቆለፈችው።

ሊነጋጋ ሲል መስታወቱ ተንኳኳ። በዚያ ሳምንት የማይደበደብ በርና ግድግዳ አልነበረም።

«ኧረ ተዉን!» ብላ ትራሱን ጆሮዋ ላይ ደፋች።

ከዚያ በኋላ ማንም አላንኳኳም። ሲነጋ ሰው ሁሉ እየተንጫጫ ቁልቁል ሲያይ፣ የኮልቢ ፎጣ ከጎረቤቱ በረንዳ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ አየች። በሩ ቢቆለፍበት ሊሻገር ሞክሮ ነበር።

አሁን፣ በማግስቱ፣ ኮልቢ ራሱን ስቶ በተኛበት ሆስፒታል መኪና ማቆሚያ ውስጥ ናቸው። ጓደኛቸው ትሬይ ሌሎቹን ከኋላ ጭኖ፣ ሞተሩን አስነስቶ ይቁነጠነጣል።

«ግቢ እንጂ! የመውጫው ድልድይ በመኪና ከተዘጋጋ እዚሁ ልናረጅ ነው።»

«አባቱን ሳላናግር?»

«ምን ልትይው? ቃላችንን ሰጠን፣ አለቀ። ክፍሉ በኔ ስም ነው፣ ሃድሊ። አሥራ አንድ ነበርን ካልሽ እኔ አለቀልኝ። አንቺም ብትሆኚ… በሩን ማን ቆለፈው ሲሉሽ ምን ልትዪ ነው?»

ሃድሊ ፊቷን ወደ ሆስፒታሉ አዞረች። የኮልቢ አባት ከሕንፃው ወጥቶ ወደ እነሱ እየመጣ ነበር። ሚስተር ሆልት ከኢንዲያና ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ የደረሰ ሰው ነው፤ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

«የመጨረሻዋ ጥቂት ማይል ናት የገደለችኝ» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። «መንገዱ ላይ መኪና በመኪና ነው፣ ጣራው ላይ ይጨፍራሉ። አንዷ በመስኮት ቢራ አቀበለችኝ። ‹ፈገግ በል እንጂ፣ አባባ!› አለችኝ።»

ፊቱን በእጅጌው ጠረገና ቀጠለ።

«ሐኪሞቹ ከእንግዲህ አይነቃም ይላሉ። እናቱ አንድ ነገር ብቻ ነው የምትጠይቀኝ፤ ሰክሮ ነበር ወይ? ኮልቢ መጠጥ አይቀምስም ነበር። ወይስ ልጃችንን አናውቀውም?»

«አጥሩ ነው፣ ጌታዬ» አለ ትሬይ ፈጠን ብሎ። «ላልቶ ነበር።»

«ሄጄ አይቼዋለሁ። በሁለት እጄ ነቀነቅሁት፤ ንቅንቅ አላለም።» ሰውየው ስልኩን ከኪሱ አወጣ። «እንግዲህ ያ የሆቴሉ ሰውዬ ያለው እውነት ነው ማለት ነው። ሰክሮ ነበር ብዬ ልንገራት።»

ትሬይ ዓይኑን መሪው ላይ ተከለ። ከኋላ የተቀመጡትም አንገታቸውን ደፉ። ሃድሊ የተከፈተውን የመኪና በር በእጇ መልሳ ዘጋችው።

«ሂዱ፣ ትሬይ። እኔ እዚህ እቀራለሁ» አለች። «ሚስተር ሆልት፣ ስልኩን ይስጡኝ። ለእናቱ እኔ ራሴ እነግራታለሁ፤ ከዚያ ፖሊስ ጋ ያድርሱኝ።»