ለሊብራዳ የተሠራችው ሣጥን

የልብን ጓዳ ያለ መብራት የሚያይ፣ ዘመናትንም በእጁ የያዘ እግዚአብሔር ይህን ታሪክ ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል። እኔ የያዝሁት ባየሁትና በሰማሁት ልክ ነው፤ የጎደለውን እርሱ ይሙላው። ቅናት አጥንትን እንደሚያነቅዝ ከሕፃንነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቃለሁ። ሲያነቅዝ ያየሁት ግን በማኒላ ከተማ፣ በራዎን መንገድ፣ ሁለት ወንድማማቾች በሚሠሩባት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነው።

ታላቁ ሴቬሪኖ፣ ታናሹ ክሪሳንቶ ይባላሉ። ሬዲዮና የድምፅ ማጉያ ይጠግኑ ነበር፤ አባታቸው በተዉላቸው አንድ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ይቀመጡ ነበር። በሱቁ ደጃፍ የተጻፈው የታላቁ ስም ነው። ደንበኛ ሲገባም አስቀድሞ ወደ እርሱ ያይ ነበር፤ ይህም ሴቬሪኖ ሳያስበው የሚኖርበት ክብሩ ነበር።

ሚስቱ ሊብራዳ ባንዱሪያ ትመታለች። ባንዱሪያ ሆዷ ሰፊ፣ አንገቷ አጭር፣ አውታሯ ብዙ የሆነ መሣሪያ ናት። በሰፈሩ የአውታር ጓድ ውስጥ የፊተኛው ቦታ የሊብራዳ ነበር። ጓዱ በግንቦት፣ ንግሥት እሌኒ መስቀሉን ማግኘቷ በሚታሰብበት ዑደት፣ ከመስቀሉ በስተኋላ እየተራመደ ይጫወታል። ነገር ግን ጂፕኒ የሚባለው የከተማው ታክሲ ጡሩምባና የሕዝቡ ጫጫታ ድምፁን ይውጠው ስለነበር፣ ክሪሳንቶ ለአንዱ ጊታር በወገብ የምትታሰር፣ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ሣጥን ሠራለት። ሣጥኗ በጊታሩ ሆድ ላይ ከተለጠፈችው ቀጭን መልቀሚያ ደካማውን ድምፅ ተቀብላ፣ በጋሪ ለሚገፋው ትልቁ ማጉያ ታቀብላለች።

የጓዱ አለቃ፣ ሰፈሩ በአክብሮት አሊንግ የሚላቸው ሴት፣ አሊንግ ሳሉድ ያን በሰሙ ማግስት ወደ ሱቁ ገቡ፤ ሴቬሪኖንም አልፈው ወደ ታናሹ ሄዱ።

«አንተ ልጅ፣ ጊታራችንን እኮ አፍ አወጣህላት! በል ለሁላችንም ሥራልን። መጀመሪያ ለሊብራዳ።»

«እኔስ እዚህ የተጎለትኩት ለጌጥ ነው እንዴ፣ አሊንግ ሳሉድ?» አለ ሴቬሪኖ። ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም።

«አንተማ የትልልቁ ነህ። ይሄ የቀጭን እጅ ሥራ ነው።»

ሴቬሪኖ በዚያች ሰዓት እጁን አየ። ከዚያ በፊት እጁን ወፍራም ነው ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር።

ማታ በእራት ላይ ሊብራዳ ሩዙን እያቀረበች፣ «የክሪስን ሣጥን ሰማኸው? እያንዳንዷ አውታር ለብቻዋ ትናገራለች እኮ!» አለችው።

«ያንቺን እኔ ነኝ የምሠራው።»

«አንተ?» አለች፤ ጥቂት ቆይታም፣ «እሺ፤ ደስ ይለኛል» አለች።

ሴቬሪኖ «ደስ ይለኛል» ያለችውን አልሰማም። የሰማው በ«አንተ?»ና በ«እሺ» መካከል የነበረውን ዝምታ ነው፤ እርሱንም እንደ ዓሣ አጥንት በጉሮሮው ይዞት አደረ።

ዓርብ በቀትር ክሪሳንቶ እንደ ልማዱ ሊጸልይ ወደ ኪያፖ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ፣ ታላቁ፣ ታናሹ ለጓዱ ሠርቶ በጠረጴዛው ላይ የተዋትን ሣጥን ከፈተ። ባለ ሦስት እግሯን ትራንዚስተር አየ፤ ቁጥሯን አነበበ። ጅረት በሚገቱት ሬዚስተሮች ወገብ ላይ ያሉትን፣ መጠናቸውን የሚናገሩትን የቀለም ቀለበቶች አንድ በአንድ አጠና። ታናሹ ከሚጠቀምበት የትራንዚስተር ከረጢት ያንኑ ቁጥር፣ ከመሳቢያውም ያንኑ ቀለም አውጥቶ በየደ። ሲጨርስ ከቤት ካመጣት ባንዱሪያ ጋር አያይዞ አውታሩን በጣቱ ጫፍ ቢነካው ተናገረ። «የቀጭን እጅ ሥራ!» አለ ለራሱ፤ በኩራትም ለሚስቱ ወስዶ ሰጣት።

በልምምዱ ቀን አጥሩን ተደግፎ ይሰማ ነበር። ሊብራዳ ቀስ ብላ ስትመታ ድምፁ ጠራ። ዜማው ወደሚበረታበት ሲደርስና እጇ ሲጠነክር ግን ሣጥኗ ጉንፋን እንደያዘው አውራ ዶሮ አርር አለች። ጓዱ ሁሉ ሳቀ። ሴቬሪኖ ወደ ሚስቱ አላየም፤ በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄደ።

«ምንድን ነው የደበቅከው?» አለው ወንድሙን።

«ምኑን ነው የደበቅኩት፣ ኩያ?» አለ ክሪሳንቶ፤ ኩያ በአገራቸው ቋንቋ ታላቅ ወንድም ማለት ነው።

«ያው ቁጥር፣ ያው ቀለም ነው የሠራሁት! አንድ ነገር ባትደብቅ ኖሮ ያንተ እየዘፈነ የእኔ አያናፋም ነበር!»

ክሪሳንቶ መበየጃውን አኖረ። «ሣጥኔን ከፍተሃላ» አለ፤ ከዚያም ሳቁን መያዝ አቃተው። «ታላቅ ወንድሜ የእኔን የቤት ሥራ ኮረጀ! ኩያ፣ ብትጠይቀኝ እኮ እነግርህ ነበር።»

ታናሹን መጠየቅ! ሴቬሪኖ በሩን በኃይል ወርውሮ ወጣ። ሳኦል ዳዊትን ያየበትን ዓይን መጻሕፍት ይነግሩናል፤ በዚያ ሳምንት በአንድ ጠረጴዛ ማዶ ለማዶ ያንኑ ዓይን አየሁት። ወንድሙ ሲያፏጭ ይበሳጫል፤ ዝም ሲልም «ምን እያሰበ ነው?» ይላል።

በዑደቱ ዋዜማ፣ በመጨረሻው ልምምድ፣ ዳግመኛ አጥሩ ዘንድ ቆመ። ሊብራዳ ዜማው በበረታ ቁጥር እጇን ታለሰልስ ነበር።

«ሊብራዳ!» ብለው ጮኹ አሊንግ ሳሉድ። «ምሳ አልበላሽም? እንደ ሙሽራ ምን ያሽኮረምምሻል? ምቺው እንጂ! ያ ሣጥን ነው ይሆን? ጣይውና የክሪሳንቶን እሰሪ። አለዚያ ነገ ፊት የምትቆመው ሌላ ናት።»

«ሣጥኑ ምንም አልሆነም፣ አሊንግ ሳሉድ፤ እጄን አሞኝ ነው።»

ሴቬሪኖ ግን በዚያው ጠዋት በእነዚያ እጆች ብርድ ልብስ አጥባ ስትጨምቅ አይቷታል። የፊት ቦታዋን ልታጣ ነው፤ የምታጣውም የእርሱን ስም ላለማሳፈር ነው። ሳምንት ሙሉ ሲያነድደው የኖረው እሳት አሁን ሌላ መልክ ይዞ ፊቱን አቀላው። ልምምዱ ሲያልቅ ሣጥኗንና ባንዱሪያዋን ከሊብራዳ ተቀብሎ ወደ ሱቁ ተመለሰ፤ በጠረጴዛውም ላይ አኖራቸው።

«አሳየኝ» አለ። ያችን አንዲት ቃል ለማውጣት የደከመውን ያህል፣ በዕድሜው ሁሉ በሌላ ሥራ አልደከመም።

ክሪሳንቶ በዚህ ጊዜ አልሳቀም። «እየው ኩያ፤ ይቺ ቦይ በላት። ጅረቱ በላይኛው እግር ገብቶ በታችኛው ይወጣል። መካከለኛው በር ነው። ሌሎቹ ትራንዚስተሮች እንዲከፈቱ ጅረት ታጎርሳቸዋለህ፤ ይቺ ግን ካልነካሃት ክፍት ናት። የበሩን ቮልት ከታችኛው እግር ዝቅ ባደረግክ ቁጥር ቦዩ ይጠባል፤ በጣም ዝቅ ካለ ይዘጋል። በሩ ራሱ ምንም አይበላም ማለት ይቻላል፤ ለዚህ ነው ደካማውን ድምፅ ሳይሻማ የሚያዳምጠው።»

«ዝቅ የሚያደርገው ማነው? ሌላ ባትሪ የለም።»

«ከታችኛው እግር ሥር ያለው ሬዚስተር ነዋ። ጅረቱ በእሱ ሲያልፍ እግሩን ከፍ ያደርገዋል፤ በሩ ደግሞ ዜሮ ላይ እንደቀረ ነው። ስለዚህ በሩ ዝቅ አለ ማለት ነው። ጅረቱ ሊበዛ ሲል እግሩ ይነሣል፤ ያኔ ቦዩ ይጠብና ጅረቱን ይመልሰዋል። ራሱን በራሱ ይገዛል።»

«የእኔዋ ታዲያ ለምን አልገዛችም?»

«ገዝታለች፤ ግን ቦይዋ ከእኔዋ ይሰፋል፤ ያቺ ሬዚስተር አነሰቻት። ቁጥራቸው አንድ ስለሆነ አንድ አይደሉም፤ ከአንድ ከረጢት ወጥተው እንኳ አይመሳሰሉም። ከአንድ ማሕፀን ወጥተን እኔና አንተ እንመሳሰላለን? እኔ እያንዳንዷን ለክቼ ነው የሚስማማትን የምሰጣት።»

ሴቬሪኖ የቮልት መለኪያውን ቴስተር አንሥቶ ላይኛውን እግር ለካ። ጅረቱ ስለበዛ ከባትሪው ዘጠኝ ቮልት የተረፈው ሁለት ብቻ ነበር። ብዙ ዓመት የሠራ ሰው ነውና የቀረው ሳይነገረው ገባው፦ አውታሩ በብርቱ ሲመታ ድምፁ ዝቅ የሚልበት ስፍራ አጥቶ ወለሉን ይመታል፤ ማናፋቱም ይኸው ነው።

«እኔ ሉጋው ልግዛልን» ብሎ ክሪሳንቶ ወጣ። ገንፎ የራበው አይመስለኝም፤ ሥራው የወንድሙ እጅ ብቻ እንዲሆን ነው የወጣው። ሴቬሪኖ ከፍ ያለ ሬዚስተር በየደ፤ ለካ፤ አነሰው። ሌላ ለወጠ። ቴስተሩ አምስት አካባቢ ሲቆም አውታሩን በሙሉ እጁ መታው። ሣጥኗ ጠርታ ተናገረች።

በማግስቱ ዑደቱ በወጣ ጊዜ ሊብራዳ ከፊት ነበረች። ዜማው ሲበረታ እጇ በረታ፤ የባንዱሪያዋም ድምፅ ከጡሩምባው ሁሉ በላይ ወጣ።

«ክሪሳንቶ፣ እጅህን ይባርከው!» ብለው ጮኹ አሊንግ ሳሉድ ከሰልፉ መካከል።

ያች አሮጌ እሳት በሴቬሪኖ ደረት ተነሣች። አፉን ከፈተ፤ ነገር ግን ሊብራዳ ዜማውን ሳታቋርጥ ዘወር ብላ አየችው፤ ዓይኗንም ከእርሱ ሳትነቅል አውታሩን ከቀድሞው አብልጣ መታችው። አፉን ዘጋ። አጠገቡ የቆመውን ወንድሙንም በክንዱ ነካ አድርጎ፣ «ይሰማሃል?» አለው።

«ኧረ ጆሮዬን ልታደነቁረኝ ነው፣ ኩያ!»

አንባቢዬ ሆይ፣ እግዚአብሔር በማዕድህ ዙሪያ የተቀመጡትን አንዱ በሌላው ጸጋ ደስ የሚሰኙ ያድርግልህ፤ ታናሽህን የምትጠይቅበት ትሕትና፣ ታላቅህን የምታከብርበት ልብ ይስጥህ፤ የቤትህንም በር ለቅናት ጠባብ፣ ለሰላም ሰፊ ያድርገው። አሜን።