ስኳር የገባበት ማር

በዚያ በጋ ሳንባዬን ታምሜ አልጋ ላይ ስውል፣ ስምንቱን ቀፎዎች የጠበቀቻቸው ባለቤቴ ነበረች። አበባ ጠፍቶ ንቦቹ እንዳይራቡ፣ ስኳር በውኃ እየበጠበጠች በየቀፎው እንድታስቀምጥላቸው አዘዝኋት። «እስክነግርሽ ድረስ እንዳታቋርጪ» አልኋት።

ዛፎቹ አብበው አለፉ፤ እኔም ጉልበቴ ሳይጸና ተነሣሁ። ማሩን ቆርጠን ባልዲዎቹን በመተላለፊያው ደረደርን። ከእርሻችን የምናገኘው ለአፋችን እንኳ በጭንቅ ስለሚበቃ፣ የሚያፈሰውን ጣሪያ ከክረምቱ በፊት የምናስለውጠው በዚህ ማር ብቻ ነበር። የማር ነጋዴው በሚመጣበት ቀን ጧት ባለቤቴ ባዶ የስኳር ከረጢት አጥፋ ከደጅ ገባች።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የንቦችህ ቁርስ ነዋ!»

«አበባው ከፈነዳ በኋላም ትሰጫቸው ነበር?»

«እስክነግርሽ አላልክም? መቼ ነገርከኝ?»

ክው አልሁ። ንብ ደጇ ላይ ስኳር ካገኘች አበባ ፍለጋ ብዙ አትደክምም፤ ያንኑ ስኳር ታከማቻለች። መልኩ ማር ይመስላል፤ ማር ግን አይደለም። ልቆጣት ቃጥቶኝ ነበር፤ ግን የረሳሁት እኔ ነበርሁ።

ነገሩን ስነግራት ከረጢቱን ይዛ ቆመች። «ማን ያውቃል?» አለች ቀስ ብላ። «ንቦቹ እንደሆኑ አይናገሩ።»

ነጋዴው የሌላውን ሁሉ ማር ቀምሶ ይገዛል፤ የእኔን ግን በዐሥራ ሁለት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ቀምሶ አያውቅም። ከቀትር በኋላ መኪናውን አቁሞ ገባ።

«አባባ፣ ተነሡልን? እኔማ ንቦቹ ሌላ ጌታ ሊፈልጉ ነው ብዬ ነበር።»

«አፍህን ይቁረጠው፣ አታሟርትብን!» አለችው ባለቤቴ። ሣቀ፤ ወዲያው የፊተኛውን ባልዲ አነሣ። እርሷ መሬት መሬቱን ታያለች።

«አስቀምጠው» አልሁት። «ስኳር ገብቶበታል።»

ቀልድ መስሎት ፊቴን አየ። ከዚያ ክዳኑን ከፍቶ በጣቱ ቀመሰና ክዳኑን መልሶ ገጠመው።

«ባይነግሩኝ እኮ እጭነው ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«እኔም የምሸጥለት ሰው የለኝም፣ አባባ። በሚቀጥለው ቆረጣ እመጣለሁ» ብሎ ባዶ መኪናውን እየነዳ ሄደ።

ጣሪያው ለከርሞ ቀረ። ባለቤቴ አልወቀሰችኝም፣ አላመሰገነችኝምም።

«ተነሥ» አለችኝ በመጨረሻ። «ባልዲዎቹ መተላለፊያውን ዘግተውብናል።»

የባልዲውን እጀታ ለሁለት ይዘን፣ በየጥቂት እርምጃው እያረፍን፣ አንድ በአንድ ወደ ጓዳ አስገባናቸው።