ቡፌው ለምን ይሸጣል?

ሙሄዲን ጭሮ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ባለው የሱቅ ረድፍ ላይ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣል። አባቱ ከስልጤ መጥተው የከፈቱት ሱቅ ነው። መጋረጃው፣ አልጋ ልብሱ፣ የዩኒፎርም ጨርቁ በጣቃ በጣቃ ተደርድሮ ጣሪያ ይደርሳል። ከሰዓት በኋላ ከተማው ጫቱን ይዞ ጥላ ጥላውን ሲይዝና ገበያ ሲቀዘቅዝ፣ ሙሄዲን ባንኮኒው ላይ ደገፍ ብሎ ስልኩን ይከፍታል። የሚያየው ዜናም ኳስም አይደለም። የጭሮና የአካባቢው ሰው ያገለገለ ዕቃ የሚሻሻጥበትን የቴሌግራም ግሩፕ ነው።

ከዚያ ግሩፕ ግን አንዲት ማንኪያ እንኳ ገዝቶ አያውቅም። እሱ የሚያነበው ዕቃውን ሳይሆን ሻጩን ነው። ፍሪጅ የሚሸጥ ሰው ካየ፣ "የዚህ ሰውዬ ንግድ ተናግቷል" ይላል። አልጋ ከነፍራሹ ከተለጠፈ፣ "ከተማ ሊለቁ ነው፤ ለዘመድ እንኳ አልተናገሩም" ይላል። አንድ ቀን የሙሽራ ቬሎ ሲለጠፍ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ያሳዝናሉ፤ ገና ዓመት እንኳ አልሞላቸውም" አለ። እነማን እንደሆኑ አያውቅም።

ይህን ሁሉ የሚያዳምጡት የሱቁ ደጃፍ አግዳሚ ላይ የሚቀመጡት ሁለት ጎረቤቶቹ ናቸው። አንደኛው ከጎኑ ሚስማርና ቆርቆሮ የሚሸጡት ሐጂ ዓሊዩ ናቸው። ሁለተኛው ጡረታ የወጡት መምህር በርናባስ ናቸው፤ ጫት ስለማይቅሙ ለስላሳ ይዘው ይቀመጣሉ። ሁለቱም የሰፈር ሽማግሌዎች ናቸው፤ የተጣላ ሲኖር የሚጠሩት እነሱ ናቸው። ሙሄዲን የሚናገረውን እንደ ከባድ ወሬ ይሰሙታል። ነጋዴ ነው፣ ሰው ያውቃል ብለው ያስባሉ።

የሙሄዲን ሚስት ሂክማ ትባላለች። ሴት ልጃቸው ኢስራ ትምህርት ቤት ከገባች ወዲህ ሂክማ አንድ ነገር በሐሳቧ ይዛለች። ልጅ ሳለች አክስቷ ዘንድ ስፌት ተምራለች፤ እጇም ጥሩ ነበር። አሁን ሳሎኑ ውስጥ፣ መስኮቱ አጠገብ፣ የስፌት መኪና አስቀምጣ የዩኒፎርም ሥራ ለመቀበል ፈልጋለች። ጨርቁ ባሏ ሱቅ ውስጥ አለ፤ ደንበኛውም አለ። የጎደለው ቦታ ብቻ ነው። ቦታውን የያዘው ደግሞ ቡፌው ነው።

ቡፌው የሠርጋቸው ጊዜ የተገዛ፣ ጀርባው መስታወት፣ አናቱ ላይ ዘውድ የመሰለ ጌጥ ያለው ትልቅ ዕቃ ነው። ያልተጠጣባቸው ብርጭቆዎች፣ የላስቲክ አበባዎችና በእጅ የተሠሩ ዳንቴሎች ሞልተውት ከመስኮቱ ግማሹን ይጋርዳል። ሂክማ እንሽጠው ብላ ለሙሄዲን ሦስት ጊዜ ነግራዋለች። ሦስቱንም ጊዜ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ "ጥሩ" ብሏታል።

ጥሩ ካለ ጥሩ ነው ብላ፣ አንድ ማለዳ ብርጭቆውን ሁሉ ካርቶን ውስጥ ከተተች። ዳንቴሉን አነሳች፣ እንጨቱን በእርጥብ ጨርቅ ወለወለች፤ ግድግዳው እንዳይታይ ከጎንና ከጎኑ አንሶላ ሰቀለችና ፎቶ አነሳችው። "ጭሮ ዕቃ" የሚል አዲስ አካውንት ከፍታም ለጠፈችው። "ንጹህ ቡፌ። የሚሸጠው ቦታ ስለያዘብኝ ነው። ቁም ነገረኛ ገዢ ብቻ።" ዋጋውን ሠላሳ ሺህ አለች።

ወዲያው መልእክት ይጎርፍ ጀመር። አንዱ "አለ?" ይላል። "አለ" ስትለው ይጠፋል። ሌላው "የመጨረሻው ስንት ነው?" ይላል፤ የመጀመሪያውን እንኳ ገና አላነበበም። አንዱ በሞተር ሳይክል ይቀየር እንደሆነ ጠየቀ። ከሂርና የጻፈ ሰው የውስጡን፣ የጀርባውን፣ የእግሩን ፎቶ አስላካትና "ያምራል" ብሎ ያ መጨረሻው ሆነ።

ከሰዓት በኋላ ግን ከፎቶው ሥር ረዘም ያለ አስተያየት ተጻፈ። የጸሐፊው ስም "ሙሄ ጨርቃ ጨርቅ" ይላል።

"ይህ ዓይነት ቡፌ ጊዜው አልፎበታል። እንጨቱም ኮምፔርሳቶ ነው። አሥራ አምስት ሺህ ከበዛ ነው። ገዢ ትንሽ ቢታገሥ ይወርዳል፤ የተቸገረ ሰው ዕቃ ነው።"

ሂክማ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ባሏ ስንት ዓመት ምሳ የበላበትን ሳሎን ቡፌ አላወቀውም። ባዶውን አይቶት አያውቅማ።

በማግስቱ ሙሄዲን ለምሳ መጣ። ካርቶኑ ወለሉ ላይ ነበር፤ እግሩን እሱ ላይ አሳርፎ ተቀመጠ።

"ትናንት አንዲት ሴትዮ ቡፌ ለጠፈች" አላት እየበላ። "ታሳዝናለች።"

"ምን ሆና?"

"ልትሄድ ነዋ። ሴት ቡፌዋን ከሸጠች ሻንጣዋን አዘጋጅታለች ማለት ነው። 'ቦታ ስለያዘብኝ' ብላ ጽፋለች። ቦታ የያዘባት ባልየው ነው።"

"ባልየው ያውቃል?"

"ምን ያውቃል። የዋህ ቢጤ ነው መሰለኝ።"

ሂክማ ለመንገር አፏን ከፍታ ነበር። ለአራተኛ ጊዜ መናገር ግን አስጠላት። ውኃ ቀዳችለት።

ከሰዓት ዕቃውን ለማየት የመጀመሪያዋ ሰው መጣች። ሁለት ደጃፍ አልፋ የምትኖረው ሳጂዳ ነበረች፤ ፎቶው ላይ ያለውን ዘውድ ለይታዋለች። ቡፌውን ዳበስ አደረገችና ዓይኗን ወደ መኝታ ቤቱ በር ላከች።

"ሙሄዲን ደህና ነው?"

"አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነው።"

"ኢስራስ? ከማን ጋር ልትሆን ነው?"

ሂክማ፣ ሳጂዳ ስለ ስፌቱ ሰምታ፣ ሥራ ስትጀምር ልጇን ማን እንደሚይዝላት የጠየቀቻት መሰላት። "ከእኔ ጋር ናት፤ እዚሁ አጠገቤ ትጫወታለች" አለቻት።

ሳጂዳ እንባዋን በሻርፗ ጠርጋ ወጣች። ዋጋ አልጠየቀችም። ከመግሪብ በፊት ወሬው ሐጂ ዓሊዩ ቤት ደረሰ።

በነጋታው ሐጂ ዓሊዩና መምህር በርናባስ ሙሄዲን ሱቅ መጡ። አግዳሚው ላይ አልተቀመጡም። ሐጂ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰዋል፤ መምህሩ ኮት ደርበዋል።

"ሙሄዲን፣ ሱቁን ዝጋ። አንድ ቤት እንሄዳለን" አሉት ሐጂ።

"የምን ቤት?"

"የባልና ሚስት ጉዳይ ነው።"

"የቡፌዋ ሴትዮ ናት?"

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። "አዎ፣ እሷው ናት" አሉ መምህር በርናባስ ቀስ ብለው።

ሙሄዲን ደስታውን መደበቅ አቃተው። "ብያችሁ ነበር እኮ። ነግሬያችኋለሁ።" ጃኬቱን አጥልቆ ሱቁን ቆለፈ። ለሽምግልና ሲጠራ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ የተጠራው ደግሞ ቀድሞ በማወቁ መሰለው። መንገድ ላይ ምክሩን ጀመረ።

"ባልየውን በጥብቅ መናገር ነው። ጥፋቱ የሱ ነው። ሴት ዕቃዋን እስክትሸጥ የምትደርሰው የሚሰማት ስታጣ ነው።"

መምህር በርናባስ ቆም ብለው ትከሻውን ያዙት። "ይህን ከአፍህ መስማቴ ትልቅ ነገር ነው። ግማሹ ሥራ አልቋል።"

ሙሄዲን ለምን እንደዚህ እንደተነኩ አልገባውም፤ ግን ወደደው። ወደ ሰፈሩ የሚያስገባውን ኮብልስቶን ሲይዙ፣ "በእኛ ሰፈር ነው እንዴ?" አለ።

"በእናንተ ሰፈር ነው" አሉ ሐጂ።

"ማን ይሆን? አንድም ወሬ አልሰማሁም።"

ሐጂ ዓሊዩ ሰማያዊው የቆርቆሮ በር ላይ ቆመው በከዘራቸው መቱ።

"ሐጂ፣ ይሄ የኔ ቤት ነው።"

"እናውቃለን ልጄ" አሉት።

ሂክማ ከፈተች። ሽማግሌዎቹን ስታይ ሰው የሞተ መስሏት ፊቷ ተለዋወጠ። አስገባቻቸው፤ ተቀመጡ። ሐጂ ዱዓ አደረጉ፤ መምህር በርናባስም ዓይናቸውን ጨፍነው በልባቸው ጸለዩ። ከዚያ ሐጂ ትዳር ትዕግሥት እንደሚፈልግ፣ ልጅ መሐል ላይ እንዳለች፣ ባልም ጥፋቱን በመንገድ ላይ በገዛ አንደበቱ እንዳመነ ተናገሩ።

"የቱን ጥፋት?" አለች ሂክማ።

"የምን ማመን?" አለ ሙሄዲን።

"ታዲያ ቡፌሽን ለምን ትሸጫለሽ ልጄ?" አሉ ሐጂ።

ሙሄዲን ዞር አለ። ቡፌው ባዶውን ቆሟል። ዘውዱን አየ፣ ሦስቱን በሮች አየ፤ ጀርባው ባለው መስታወት ውስጥ ደግሞ ጃኬት የለበሰ አንድ ሽማግሌ አስታራቂ አየ። ራሱን ነው። ስልኩን ከኪሱ አወጣ፣ መለሰው።

"የስፌት መኪና ላስቀምጥበት ነው" አለች ሂክማ። "ሌላ ምንም የለም። ነግሬዋለሁ።"

"መቼ ነገርሽኝ?"

"ከረመዳን በፊት ነገርኩህ። ለዒድ ነገርኩህ። ባለፈው ኢስራ ስታስል፣ አልጋው ላይ ሆነህ ነገርኩህ። ሦስቴም 'ጥሩ' አልከኝ።"

"ጥሩ ያልኩት ሌላ ነገር መስሎኝ ይሆናል።"

"ምን መስሎህ?"

ያን ጊዜ ሂክማ፣ እስከዚያ ደቂቃ ያልተቆጣችው ሴት፣ ተቆጣች። ለማያውቃቸው ሴቶች ሁሉ እንደሚያዝን፣ እሷ ግን ስትናገር እንደማይሰማ፣ የማያውቀውን ባል 'የዋህ' ብሎ እንደሰደበ ነገረችው። ሽማግሌዎቹ ጸብ ለማብረድ መጥተው የመጣውን ጸብ ቁጭ ብለው አዩ። ከዚያም፣ ልማዳቸው ነውና፣ ማስታረቅ ጀመሩ።

እርቁ ሳያልቅ በሩ ተንኳኳ። ኩማ የሚባል የቦኬ ገበሬ ነበር፤ አዲስ ቤት ሠርቶ ለሳሎኑ ዕቃ ይፈልጋል። አይሱዙ አቁሞ ነው የመጣው።

"አካም ጅርቱ" አለ፤ ሂክማ በኦሮምኛ ደህንነታቸውን መለሰችለት። ኩማ ቡፌውን ዞሮ አየ፣ በሩን ከፍቶ ዘጋ፣ ወደ ሙሄዲንም ዞረ።

"ኦቦ፣ አሥራ አምስት እከፍላለሁ።"

"አሥራ አምስት?" አለ ሙሄዲን። "ወንድሜ፣ ዕቃውን አይተኸዋል?"

"አንድ አዋቂ ሰው እዚያው ሥሩ ጽፎታል። ጊዜው አልፎበታል፣ ኮምፔርሳቶ ነው ብሏል።"

መምህር በርናባስ አሳላቸው። ሙሄዲን ተነስቶ ቡፌውን በጡጫው መታው። "ይሄ ኮምፔርሳቶ ነው? ስማው። ደንበኛ ዋንዛ ነው። የዘንድሮ ዕቃ እንደዚህ ያለ መስታወት የለውም። ሰውዬው ሥራው ምንድን ነው?"

"ጨርቃ ጨርቅ ይላል ስሙ።"

"የጨርቅ ነጋዴ ስለ እንጨት ምን ያውቃል? አፉን ያላሟሸበት ነገር የለም፤ እንደዚህ ያለውን ሰው አትስማ።"

ሂክማ በሻርፗ አፏን ሸፈነች። ሐጂ ዓሊዩ ጣሪያውን ያዩ ነበር።

"የተቸገሩ ናቸው፣ ታገሥ ይወርዳል ብሎም ጽፏል" አለ ኩማ።

"አልተቸገርንም። በሰላም ነው የምንሸጠው።"

ኩማ ሽማግሌዎቹን አየ፣ የሂክማን የቀላ ዓይን አየ፤ አላመነም። ቢሆንም ቡፌው ልቡ ገብቷል። ሂክማ ራሷ መሐል ገብታ ሃያ ስድስት ላይ ጨረሰችው፤ ገንዘቡን እዚያው በስልክ ላከላት።

ማውጣቱ ሌላ ጣጣ ሆነ። ዘውዱ በሩን አላልፍ አለ፤ ሙሄዲን ፈታው። ሹፌሩና ኩማ ከፊት፣ ሙሄዲን ከኋላ ያዙ። መምህር በርናባስ ኮታቸውን አውልቀው ጎኑን ደገፉ፤ ሐጂ ዘውዱን ታቅፈው ወጡ። ሳጂዳና የሰፈሩ ሴቶች ደጃፍ ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል። ያዩት ነገር ግልጽ ነበር። ሽማግሌ ገብቷል፣ ሽማግሌ ዕቃ ይዞ ወጥቷል። ንብረት ተካፍለዋል አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ሙሄዲንን ከበደው። መስጊድ ደጃፍ ላይ የማያውቃቸው ሰዎች እጁን ሳይለቁ "አላህ ይተካልህ" ይሉታል። ሳጂዳ ምግብ ይዛለት ሱቅ ድረስ መጣች፤ ምሳ የሚሠራለት የለም ብላ ነው። "ኧረ ቤቴ ነኝ፤ ሂክማም አለች፤ ቡፌው ቦታ ይዞብን ነው" አላት።

"እሱስ ይላሉ" አለች ሳጂዳ፣ በጣም አዝና።

ሐጂ ዓሊዩ ለሰው እውነቱን ለማስረዳት ሞክረው ነበር። ሰው ግን ምሥጢር ጠባቂነታቸውን አደነቀላቸው።

በሳምንቱ ሂክማ በዚያው ግሩፕ ሂርና ውስጥ የሚሸጥ የስፌት መኪና አገኘች። ሙሄዲን፣ "አብሬሽ ልሂድ" አላት፤ ሱቁን ዘግቶ። ሚኒባሱ ውስጥ ስልኩን አላወጣም። ስለ ክር ዓይነት ነገረችው፣ ስለ ዩኒፎርም ልክ ነገረችው፤ ቢገባውም ባይገባውም ጥያቄ ጠየቃት።

ሻጯ ወይዘሮ አጸደ የሚባሉ ቀጭን ሴት ነበሩ። ሂክማ ቁራጭ ጨርቅ አስገብታ ፔዳሉን ረገጠች፤ ስፌቱ ቀጥ ብሎ ወጣ። ሙሄዲን በክፍሉ መሐል ቆሞ መጋረጃውን፣ ወንበሮቹን፣ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ የነበረ ፎቶ ሲወርድ የቀረውን ነጣ ያለ ቦታ አየ። አንድ ነገር ሊጠይቅ አፉን ከፈተ።

"ምን አሉኝ?" አሉ ወይዘሮ አጸደ።

"መኪናው ከባድ ነው ወይ ልል ነው" አለ።

"ከባድ ነው።"

"ጥሩ" አለና ጎንበስ ብሎ ብቻውን አነሳው።