ትርፏ ሽቦ

መጋዝ ይዤ ጠረጴዛው ላይ እንዳጎነበስኩ ኦርቢን ኮምብስ መጣ። ለሚስቱ ለቨርዲ ደልሲመር፣ ጭን ላይ አጋድመው የሚጫወቱትን ባለአውታር የሙዚቃ መሣሪያ፣ እየሠራሁላት ነበር፤ የድሮዋ ደልሲመር ምድጃ አጠገብ ከርማ የእንጨት ሆዷ ተሰንጥቋል።

«ጣት የሚረግጣቸውን ሽቦዎች ልተክል ነው» አልኩት። «ከስድስተኛውና ከሰባተኛው መሃል ትርፏን ሽቦ ልጨምርላት?»

«አይ። እንደ ድሮው ይሁን።»

ደሜ ፈላ። በኬንተኪ ተራሮች ዛሬ ትርፏን ሽቦ የማያስገባ ሰው የለም። እሷ ከሌለች አንዱን ዜማ ጨርሶ ወደ ሌላው ለማለፍ አውታሩን እንደገና መቃኘት ግድ ነው።

«አንተ ሰው፣ ሴትዮዋን ለምን ታደክማታለህ? ይቺ ሽቦ ካለች እኮ ሳታቋርጥ ከዜማ ወደ ዜማ ትሄዳለች።»

«እሱን ነው የፈራሁት፣ ክሌል።»

«ምኑን?»

ባርኔጣውን አወለቀና ጠርዙን ያሻሽ ጀመር። «ልጃችን የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ ከቀረ ወዲህ ቨርዲ አታወራኝም። ተቀይማኝ አይደለም፤ ቃል አጥታ ነው። ስትጫወትም አቀርቅራ ዝም ነው። መቃኛውን ስታዞር ግን ልቧ አውታሩ ላይ ስለሆነ ዝምታዋን ትረሳዋለች። ያኔ ታናግረኛለች። ስለ ዶሮዎቹ፣ ስለሚያፈሰው ጣሪያ… አንዳንዴ ስለ እሱም።»

ትርፏን ሽቦ ወደ ሳጥኗ መለስኳት።

ሥራው ሲያልቅ ኦርቢን ቨርዲን በፒካፑ ይዟት መጣ። እኔንም ሰላም ያለችኝ አንገቷን ነቅነቅ አድርጋ ነው። ደልሲመሯን ጭኗ ላይ አጋድማ አንድ ዜማ ተጫወተች። መሣሪያዋ ጥሩ ድምፅ አላት፤ የራሴ ሥራ ስለሆነ አይደለም የምለው። ዜማው ሲያበቃ እጇን ወደ መቃኛው ሰደደች። ኦርቢን ጠጋ አላት።

«ባቄላውን ነክረኸዋል?» አለች፣ ቀና ሳትል።

«ነክሬዋለሁ።»

«ስትቀቅለው ውሃ እንዳታበዛበት። ሌስተር መረቁ ሲቀጥን አይወድም ነበር።»

ሌስተር ልጃቸው ነው። የኦርቢን ዓይን እንባ አቀረረ። አውታሩ ግን እየተስተካከለ ነበር፤ ትንሽ ነው የቀረው፤ እሱም እንደኔው ሰምቶታል። ወዲያው ኡሁ ኡሁ ብሎ ሳለ። ሕፃን እንኳ የማያታልል የውሸት ሳል ነበር።

«ዝም በል እንጂ፣ አጠፋህብኝ» አለችው። አውታሩን አላልታ ከመጀመሪያው ጀመረች። «ድሮም እንዲህ ነህ። የተጋባን ቀን ሰባኪው ፊት እንዴት እንደሳልክ ትዝ ይልሃል? እናቴ ሳንባ ነቀርሳ አለበት ብላ ልታስቀረኝ ነበር…»

አወራች፣ አወራች። አውታሩ እንደገና ሊስተካከል ሲቃረብ እኔ ሳልኩ።