የአያሌው ካርቦን

ቆንጅት ወሬውን የሰማችው ከሾፌሩ ከሙዓዊያ ነው። «እትዬ ቆንጅት፣ ጉድ ፈልቷል! ማዘጋጃ ቤቱ ያለውን ካርቦን አስታውቆ በግማሽ ይቀንስ የሚል ደብዳቤ ከበላይ መጥቷል። ሐሙስ ስብሰባ ነው» አላትና መኪናውን ሊያጥብ ሄደ።

ሙዓዊያ ሲቀልድም የምሩን ሲናገርም ፊቱ አንድ ነው። ቆንጅት ግን አመነችው። ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው በዚህች ትንሽ ከተማ ማዘጋጃ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሠርታለች። ለእሷ ካርቦን ማለት በሁለት ነጭ ወረቀት መሀል ገብቶ የደብዳቤ ግልባጭ የሚያወጣው፣ ጣት የሚያጠቁረው ስስ ወረቀት ነው። ሌላ ካርቦን አታውቅም።

ኮምፒውተር ከገባ ወዲህ ማን ካርቦን ይነካል! የተረፈውም በጦርነቱ ጊዜ መዝገብ ቤቱ ሲበተን አብሮ ጠፍቷል። አንድ ብቻ ቀርታለች፤ እሷም ቤቷ፣ በዳዊቷ ገጾች መሀል ናት። መንግሥት እሷን ደግሞ ከየት ሰማ?

የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል፤ ቆንጅት በዚያች ወረቀት ሃያ ሁለት ዓመት ስትሳሳ ኖራለች።

ያኔ ግቢው መሀል ትልቅ ሾላ ነበር። የራያ ሜዳ ሙቀት የቢሮውን ቆርቆሮ ማጋል ሲጀምር ሠራተኛው ጠረጴዛውን ተሸክሞ ሾላው ሥር ይወጣል። ባለጉዳዩም እዚያው ግንዱን ተደግፎ ተራውን ይጠብቃል። ከሁሉ መሀል የታይፒስቱ የአያሌው የጽሕፈት መኪና ቀጭ ቀጭ ይላል። የበሰለ ፍሬ ደብዳቤው ላይ ዱብ ሲል አያሌው ወደ ላይ አንጋጦ ወፎቹን ይሳደብና እንደገና ይጽፋል። ማራገቢያ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የፈለገውም አልነበረም። ደግ ዘመን ነበር፣ ቢያንስ ለቆንጅት።

አያሌው ቆጣቢ ነበር። አንዱን ካርቦን አሥር ጊዜ ይመላለስበታል። ደብዳቤ በጻፈ ቁጥር ቅጂውን ያቀብላትና «ዋናው ለባለጉዳዩ፣ ግልባጩ ለቆንጅት» ይላታል። ሁለት ዓመት እንዲህ ሲላት ከርሞ አንድ ቀን ባዶ እጁን ጠረጴዛዋ ፊት ቆመ። «እንግዲህ ዋናውም ለቆንጅት ይሁን» አላት። በጥምቀት ማግስት ተጋቡ።

ኋላ አዳራሽ ይሠራ ተባለና ሾላው ተቆረጠ። አዳራሹ ሳይሠራ ቀረ፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው። ቢሮው ምድጃ ሆነ። ማራገቢያ ተገዛ፤ መብራት ሲጠፋ ማራገቢያውን የሚያዞር ጄኔሬተር መጣ፤ ይኸው እስከ ዛሬም በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ጭሱን እየተፋ ያንባርቃል። በዚያው ሰሞን አያሌው አዲስ ካርቦን አውጥቶ አንድ ደብዳቤ ጻፈና አተኮሰኝ ብሎ ቤቱ ገባ። በሳምንቱ ሞተ።

ካርቦኑን ከመኪናው ላይ ያነሳችው እሷ ናት። ሌላው ካርቦን ተደራርቦ ስለሚጻፍበት አይነበብም። ይኸኛው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ስለተጻፈበት በብርሃን ሲያዩት ፊደሉ ሁሉ ቁልጭ ይላል። ስለ ቦታ ነገር ነው። ቆንጅት ጉዳዩን ልብ ብላው አታውቅም፤ የሚያስለቅሳት ሁልጊዜ ከመስመሩ ከፍ የምትለው የአያሌው መኪና «ለ» ናት።

ልደብቃት ብላ አሰበች። ግን በሠላሳ ዓመት አንዲት ወረቀት ያልደበቀች ሰው ከየት ትጀምረዋለች? ሐሙስ ዳዊቷን በነጠላ ጠቅልላ፣ ለምኜም ቢሆን አስቀራታለሁ ብላ ስብሰባ ገባች።

የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዋ ትርሲት ደብዳቤውን አንብባ ሳትጨርስ ቆንጅት ተነሳች። «እኔ ጋ አንዲት አለች። ግማሿን ቀንሱ ስትሉ የቱን ልቅደደው? የባሌ እጅ ያረፈባት ናት፤ እባካችሁ ተዉልኝ።»

 ወዲያው ሳቁ ቤቱን ሞላው። ነገሩን የለኮሰው ሙዓዊያ ዕንባዋ ሲመጣ አየና ደነገጠ። «ወላሂ ለሳቅ ብዬ ነው፤ አፉ በይኝ እትዬ» አለ።

ትርሲት አልሳቀችም። «እትዬ፣ ይሄኛው ካርቦን ጭስ ነው። መኪናችንና ጄኔሬተራችን የሚተፉት። ምድሩን የሚያግለው እሱ ነው» አለቻት።

ቆንጅት ዕንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። «ጄኔሬተሩማ ሾላው ስለተቆረጠ የመጣ ነው።»

አሁን የሳቀ የለም።

«እሱን ነው እኮ የምለው!» አለች ትርሲት ወደ ሰብሳቢው ወደ አቶ ብርሃኑ ዞራ። «ከቢሮው በስተምዕራብ ያለው ባዶ ቦታ ላይ ዛፍ እንትከል። ጥላው ሲደርስ ጄኔሬተሩን እናሰናብታለን።»

«ቦታው ለመኪና ማቆሚያ ታስቧል» አሉ አቶ ብርሃኑ። «ለዛፍ ነው የሚል ጽሑፍ ካላችሁ አምጡ። ያለ ጽሑፍ ምን ብዬ ልከራከር?»

በስተምዕራብ። ቆንጅት ቃሉን ታውቀዋለች፤ በዚያች ሽቅብ በምትዘል «ለ» አጠገብ መቶ ጊዜ አይታዋለች። ዳዊቷን ገልጣ ወረቀቷን አወጣችና መስኮቱ ላይ ለጠፈቻት። ጮክ ብላ አነበበች፦ «በተቆረጠው ሾላ ምትክ ከጽሕፈት ቤቱ በስተምዕራብ ያለው ቦታ ለዛፍ እንዲከለልና ለሌላ አገልግሎት እንዳይውል ምክር ቤቱ የወሰነ መሆኑን እንገልጻለን።»

አቶ ብርሃኑ መነጽራቸውን አድርገው መጡ። «ቁጥርም ቀንም አለው። ውሳኔ ነው» አሉ። መነጽራቸውን አወለቁና፣ «ግን ይህች ወረቀት መዝገብ ውስጥ መግባት አለባት።»

ትርሲት ስልኳን አወጣች። «ፎቶ አነሳታለሁ፤ እትዬ ወረቀቷን ይዘው ይሂዱ።»

ቆንጅት ወረቀቷን ደረቷ ላይ አስጠግታ ቆመች። አያሌው ናፈቃት፤ ሾላው ሥር ያ ጣቱ የጠቆረው አያሌው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይል ነበር፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛነቷን ሲያሞግስ። ዳዊት ውስጥ ተቀምጦ ግን ማን ሊወርሰው?

«ፎቶው ለእኔ ይሁን» አለች። ከዚያ አዲስ ፋይል ከፈተች፣ ቁጥር ሰጠች፣ ወረቀቷን በእጇ አስገባች። ጣቷ ጠቁሮ ቀረ፤ አልጠረገችውም።

ትርሲት ከደብዳቤው ጋር የመጣውን ቅጽ ስትሞላ ቀና አለችና ፈገግ ብላ ጠየቀቻት። «እትዬ፣ ያለን የካርቦን መጠን የሚለው ላይ ምን ልበል?»

«አንድ ነበረ በይ» አለች ቆንጅት። «ዋናው ለባለጉዳዩ ገቢ ሆኗል።»