የሙሽራዋ ሻይ

"ይቺ ሞታለች፣ አውጪያት!" አለች ቹንታኦ፣ እጇን እስከ ክርኗ ገንዳው ውስጥ ነክራ። "ይቺም። ያቺኛዋም እያጣጣረች ነው። እንግዳ ልትጋብዢበት ነው ወይስ ልትገድይበት?"

"ውይ፣ አንቺ ሴትዮ! ዛሬ እኮ እንግዳዋ አንቺ ነሽ" አለች የምግብ ቤቱ ባለቤት ያፈን፣ በትልቁ ጭልፋ ልታባርራት እየቃጣች። "ሂጂ ተቀመጪ። ገበያ ያለሽ መሰለሽ?"

አሥራ አራት ዓመት የለመደ እጅ ግን ለአንድ ቀን ምሳ ብሎ አመሉን አይተውም። ቹንታኦ በቺየንጂያንግ የክሬይፊሽ ገበያ መራጭ ናት። ከሩዝ ማሳው የመጣውን ያንን ባለመቆንጠጫ ቀይ ጉድ በየመጠኑ ትከፍላለች፣ የሞተውን ካልሞተው ትለያለች። ዓይኗን ብትጨፍን እንኳ አትሳሳትም። ሞቶ የተቀቀለ ክሬይፊሽ ጭራው ቀጥ ብሎ ይቀራል፣ ነፍስ እያለው ድስት የገባው ግን ይጠቀለላል፤ ይህን እዚህ ከተማ ሕፃን ልጅ ሳይቀር ያውቀዋል። ዛሬ በዚያች ልጅ ፊት አንድም ቀጥ ያለ ጭራ እንዲቀርብ አልፈለገችም።

ልጅቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ስልኳን ታያለች። ዌንሹ ትባላለች። በጠዋቱ ፈጣን ባቡር ከዉሃን መጥታ ነው። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ የዛሬ ሃያ ቀን ትዳራለች።

ያፈን አንገቷን አስግጋ አየቻት። "ማናት? ቁርጥ አንቺን እኮ ናት! አፍንጫዋ፣ ግንባሯ… ሌላ ሴት ልጅ አለችሽ እንዴ?"

"የእህቴ ልጅ ናት" አለች ቹንታኦ፣ እጇን በፎጣ እየጠረገች። ይህችን መልስ ለዓመታት ስትላት ስለኖረች አሁን ድምፅዋ እንኳ አይንቀጠቀጥም።

ያፈን አታውቅም እንጂ የቹንታኦ መንደር ሁሉ እውነቱን ያውቃል። የቹንታኦ የመጀመሪያ ልጅ ሴት ነበረች። ሁለተኛዋም ሴት ሆነች። በዚያ ዘመን ሕጉ ሦስተኛ አይፈቅድም፤ አማቷ ደግሞ የልጅ ልጅ የሚሉት ወንዱን ብቻ ነበር። ስለዚህ ሁለተኛዋ ሕፃን በአርባ ቀኗ፣ ስም እንኳ ሳይወጣላት፣ ዉሃን ለምትኖረው ልጅ አልባ የቹንታኦ ታላቅ እህት ለላንፋንግ ተሰጠች፤ በላንፋንግም ስም ተመዘገበች። "ለጊዜው ነው፣ ወንዱ ሲወለድ እንመልሳታለን" ተባለ። ወንዱ በአራተኛው ዓመት ተወለደ። ቹንታኦ ልጇን ልታመጣ ስትሄድ ልጅቷ ከላንፋንግ ኋላ ተሸሽጋ "እማዬ፣ ይቺ ሴትዮ ማናት?" አለች። ላንፋንግ ፊቷ አመድ መስሎ "አክስትሽ ናት" አለቻት። ቹንታኦም ዝም አለች። በቃ፣ ያን ቀን ነው አክስት የሆነችው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፤ ሌላ የሚባል ነገር የለም።

ባለፈው ወር ግን ላንፋንግ ራሷ ደውላ "በሰርጉ ቀን ሻዩን የምትጠጪው አንቺ ነሽ፤ ወስኛለሁ" አለቻት። ሙሽራ በሰርጓ ቀን ተንበርክካ ለእናቷ በሁለት እጇ ሻይ ታቀርባለች። አዳራሽ ሙሉ ሰው እየሰማ "እማዬ፣ ሻይ ጠጪልኝ" ትላለች። ቹንታኦ ስልኩን ዘግታ፣ እዚያው ገበያው መሃል፣ የዓሣ ሣጥን ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከሦስት ቀን በፊት ደግሞ ዌንሹ ደወለችና "አክስቴ፣ እኔና እርስዎ ብቻ ምሳ እንብላ። ስለ ሰርጉ የምነግርዎት አለ" ስትላት ቀኑን በጣቷ መቁጠር ያዘች። ሁለቱ ብቻቸውን ማዕድ ቀርበው አያውቁም። ሥራው በሚጦፍበት ወቅት ከአለቃዋ ጋር ተጨቃጭቃ ፈቃድ ወሰደች። የእጇ ሽታ እንዲለቅ ሦስት ጊዜ በጥርስ ሳሙና አሸችው። ባሏ "ብዙ ተስፋ አታድርጊ" ቢላት፣ "አንተ ደግሞ ዝም በል! ያኔ ዝም እንዳልከው" ብላው ወጣች።

ምግቡ መጣ። ያፈን እንፋሎቱ ፊቷን እያለበሰው ጎድጓዳውን ትሪ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። በዘይትና በነጭ ሽንኩርት የተንተከተከ ክሬይፊሽ፣ ላዩ ላይ የበርበሬ ዛላና ያ ምላስ የሚያደነዝዝ ቅመም ተነስንሶበታል። በጎን በበረዶ የቀዘቀዘ የማሾ ሾርባ አለ፣ ቃጠሎውን ማብረጃ።

"ብዪ፣ ብዪ" አለች ቹንታኦ። የላስቲክ ጓንቱን አጥልቃ ሥራ ጀመረች። አንገቱን ጠምዘዝ፣ ጭራውን ጨመቅ፣ ነጩ ሥጋ ብቅ። ሰው አንዱን ሳይጨርስ እሷ አምስት ትፈለፍላለች። ሥጋውን ከመረቁ እየነከረች የዌንሹ ሳህን ላይ ትከምራለች፣ ጭንቅላቱን ወደ ጎን ትወረውራለች። ልጇን በእጇ ስታበላ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ደስታዋ ፊቷ ላይ ያስታውቃል።

"አክስቴ፣ እርስዎም ይብሉ እንጂ።"

"እኔ ሲሸተኝ ውዬ ሲሸተኝ ነው የማድረው፤ ጠግቤዋለሁ። አንቺ ብዪ፣ ከስተሻል። ሙሽራ እንዲህ አይደለችም።"

ዌንሹ ሳቅ አለች። ከዚያ እጇን ሰደድ አድርጋ ከተጣለው ክምር አንዱን ጭንቅላት አነሣችና መጠጠችው። "ጭንቅላቱን አይጣሉብኝ። እኔ የምወደው ይህን ነው፣ ውስጡ ያለውን ቢጫውን። እማዬ የራሷንም ሁልጊዜ ለእኔ ነው የምትሰጠኝ።"

የቹንታኦ እጅ ቀጥ አለ። አሥራ ስምንት፣ ሃያ ጭንቅላት ጥላለች። "አላወቅኩም" አለች ቀስ ብላ። "እኔ እኮ… ሥጋውን ትወጃለሽ ብዬ።"

"ሥጋውንም እወዳለሁ፣ ምንም አይደለም።"

ዌንሹ ግን መብላቷ አልነበረም፤ የተከመረላትን ሥጋ በቾፕስቲኳ ወዲህ ወዲያ ታደርጋለች። በመጨረሻ ቾፕስቲኳን አስቀመጠች።

"አክስቴ፣ እማዬ በጣም ታማለች።"

"ጨጓራዋ ነው አለችኝ እኮ።"

"ጨጓራዋ አይደለም። የጉበት ካንሰር ነው፤ ተሰራጭቷል። ዶክተሩ ሦስት ወር፣ ቢበዛ አራት ነው ያለን። ለእርስዎ እንዳንነግር አስምላናለች።"

ቹንታኦ በቅባት የራሰ እጇን አየር ላይ እንደያዘች ቀረች። ላንፋንግ በልጅነታቸው በጎርፍ ጊዜ በጀርባዋ አዝላ ያሻገረቻት ናት። ላንፋንግ የሁሉም ነገር ታላቅ ናት፤ እሷ ትሞታለች የሚል ሐሳብ አንድ ቀን በአእምሮዋ አልፎ አያውቅም። "እትዬን?" አለች፣ ሌላ ቃል ጠፍቷት። "እትዬን ነው የምትዪኝ?"

"እሷን።" ዌንሹ እንባዋን በክንዷ ጠረገች። "ሻዩንም ለእርስዎ የሰጠችው ለዚህ ነው። 'እኔ ስሄድ ልጄ እናት አልባ እንዳትሆን' ትላለች። ቤት እንደሚለቅ ሰው እያንዳንዱን ነገር ታስረክባለች። ድመቷን ለጎረቤት ሰጠች። የክረምት ካፖርቷን ሰጠች። አሁን የቀረሁት እኔ ነኝ።"

ቹንታኦ አሁን ገባት። ለምን ሁለታቸው ብቻ፣ ለምን ከሰርጉ በፊት፣ ለምን ስልክ ሳይሆን ባቡር። "እንዳልጠጣ ነው የምትፈልጊው" አለች።

"እርስዎ ከጠጡት እማዬ ትተኛለች፤ አውቃታለሁ። ሁሉን አስረክቤያለሁ ብላ ትተኛና አትነሣም። ልጄ ከእኔ ሌላ ሰው የላትም ብላ ካሰበች ግን… ለእኔ ስትል ትታገላለች። አንድ ወርም ቢሆን። አንድ ሳምንትም ቢሆን።" ዌንሹ ቀና ብላ አየቻት። "ደግሞም፣ አልዋሽዎትም። 'እማዬ' ስል ዓይኔ ላይ የምትመጣው አንዲት ሴት ናት። ተንበርክኬ ያንን ቃል ለሌላ ሰው እሷ እያየችኝ ማለት አልችልም።"

"ሌላ ሰው" አለች ቹንታኦ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"ሌላ ሰው!" የቹንታኦ ድምፅ ከፍ አለ፤ ከወዲያኛው ጠረጴዛ ሁለት ሰዎች ዞሩ። "ማን እንደሆንኩ ታውቂያለሽ አይደል? ማንም ባይነግርሽ መስታወት ነግሮሻል።"

"ከአሥራ ስድስት ዓመቴ ጀምሮ አውቃለሁ።"

"ታዲያ! አርባ ቀንሽ ነበር። አስተኝቼሽ ወጣሁ። አውቶቡሱ ውስጥ ወተቱ ሸሚዜን አበሰበሰው፣ ሰው እንዳያየኝ ጆንያ ታቅፌ ነው መንደር የገባሁት። በየዓመቱ በልደትሽ ቀን ሥራ ቦታ እሳሳታለሁ፣ የሞተውን ከሕያው እቀላቅላለሁ። አንድ ጊዜ ነው የፈለግኩት! በሕይወቴ አንድ ጊዜ 'እማዬ' ብትዪኝ ምን ነበረበት?"

ዌንሹ አንገቷን ደፍታ አለቀሰች። ለረጅም ጊዜ አለቀሰች። ከዚያ በጠረጴዛው ላይ እጇን ዘርግታ ያንን በጓንትና በቅባት የተሸፈነ እጅ ያዘች። "እዚህ ልበልዎት" አለች በሹክሹክታ። "ማንም አይሰማም። አሁን እላለሁ፣ ከልቤ ለማለት እሞክራለሁ።"

ቹንታኦ ለዚህ ቃል እኮ ነው የኖረችው፤ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቀርቦላታል። ልጅቷን አየቻት፤ ጥርስ ሊያስነቅል የተቀመጠ ሰው ይመስል ዓይኗን ጨፍና ነበር።

"ተይው" አለች ቹንታኦ። "ተይው ልጄ። እየተሞከረ የሚባል ነገር አይደለም።"

ጓንቷን አወለቀች። በፎጣው እያንዳንዱን ጣቷን ለየብቻ ጠረገች፣ ከዚያ ከቦርሳዋ ስልኳን አወጣች። ዌንሹ ምን ልታደርግ እንደሆነ ስታይ ከወንበሯ ብድግ አለች፤ ቹንታኦ በእጇ ምልክት አስቀመጠቻት።

"እትዬ? እኔ ነኝ። … ደህና ነኝ፣ ገበያ ነኝ። እትዬ፣ ስለዚያ ሻይ ነገር ነው የደወልኩት። አልጠጣውም።"

ከወዲያ ማዶ የሚሰማው ድምፅ ቀጭን ነበር፤ ዌንሹ ግን እያንዳንዱን ቃል ትሰማለች። "ምን ማለትሽ ነው አልጠጣውም? አብደሻል?"

"የወንዱ ልጄን እጮኛ ቤተሰቦች ታውቂያቸው የለ። ልጅ ሰጥታ ነበር የሚል ወሬ ከደረሳቸው ስሜ ይጠፋል። በስንት መከራ ያገኘውን ትዳር ያፈርሱበታል። መድረክ ላይ ወጥቼ ጉዴን በአደባባይ አላወራም።"

"ጉዴን? ልጅቷን ነው ጉድ የምትያት?"

"ያልኩትን ብያለሁ። ደግሞ ቀሚስም የለኝም።"

ከወይን ጠጅ ቀይ ሐር የተሰፋው ቀሚስ ቁም ሣጥኗ ውስጥ ተሰቅሏል። በየማታው ባሏ እስኪተኛ ጠብቃ እጅጌውን ዳሰስ ታደርገዋለች።

ላንፋንግ ጀመረቻት። "ፈሪ! ዱሮም ፈሪ ነበርሽ። ያኔም ለአማትሽ አፍሽን አልከፈትሽም፣ ዛሬም ለሰው ወሬ ትንቀጠቀጫለሽ። እንዲህ ያለች እናት… ምን ልበልሽ?" ቹንታኦ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታርቅ ስድቡን ሁሉ ጠጣችው። ላንፋንግ ትንፋሽ አጥሯት ቆመች። ስትመለስ ድምፅዋ ሌላ ነበር። "እንግዲያው እኔው ልጠጣዋ! ምን አደርጋለሁ፣ ልጄን ሻይዋን ይዛ እንደተንበረከከች ልተዋት? ውይ… ሃያ ቀን ነው የቀረው። ፀጉሬ እኮ በዚህ በጨጓራ መድኃኒት አልቋል። ሰው ሠራሽ ፀጉር መግዛት አለብኝ፣ ደህና የሆነውን፣ ያንን የሚያስነጥሰኝን አይደለም። ቹንታኦ፣ ጥቁር ይሻላል ወይስ ትንሽ ቡናማ?"

በድምፅዋ ውስጥ ያለው ደስታ የማይደበቅ ነበር። ከእጇ የወደቀባትን ነገር መልሳ እንዳገኘች ሰው ነበር የምታወራው።

"ጥቁር" አለች ቹንታኦ። "ጥቁር ነው የሚያምርብሽ እትዬ። ምግብሽን ብዪ፣ እሺ? ለመንበርከኳ እንኳ የሚመጥን ጉልበት ይኑርሽ።"

ስልኩን ዘጋች። እንባዋ መጣ፤ ልትመልሰው አልሞከረችም፣ ዝም ብላ አፈሰሰችው። ያፈን ከኩሽናው በር ሆና በርበሬው በዛባት እንዴ ብላ የማሾ ሾርባ ላከች። ዌንሹ የተከመረላትን ሥጋ አንድ ባንድ ትበላ ጀመር። እስኪያልቅ በላችው።

"በወንበር አደላደሉ ከፊት ነው ያደረግንዎት" አለች ዌንሹ በመጨረሻ፣ ስልኳን እያሳየቻት። "አንደኛው ጠረጴዛ፣ ከእማዬ ጎን።"

ቹንታኦ ዝርዝሩን አየችው። ከላንፋንግ ስም ቀጥሎ የእሷ ስም ተጽፏል።

"ከዚያ አውጪኝ" አለች። "አጠገቧ ሆኜ ካለቀስኩ ሆን ብዬ እንደተውኩላት ይገባታል። ከአክስቶቹ ጋር፣ ከኋላ አድርጊኝ።"

ዌንሹ ስሟን በጣቷ ይዛ ወደ ታች ጎተተችው፣ ወደ ዘጠነኛው ጠረጴዛ።

"እሱ ይሁን" አለች ቹንታኦ። "ብቻ ወንበሩ መድረኩን የሚያሳይ ይሁንልኝ።"